ወሰኔ ታንኳ ሲገዛ

ወሰኔ ባሕር ይፈራል። ይህን ጠላት አላወራበትም፤ ራሱ ነው፣ በሚሠራበት የነዳጅ ማጣሪያ ክበብ ሻይ ይዞ በተቀመጠ ቁጥር የሚናገረው። አሰብ ከገባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። የማጣሪያው የግፊትና የሙቀት መለኪያ ሁሉ በእጁ ያልፋል፤ ከባሕሩ ጋር ያለው ትውውቅ ግን ከጉልበት አልፎ አያውቅም። «ደብረ ብርሃን ያደገ ሰው ውሃን የሚያውቀው በእንስራ ነው» ይላል። እንግዲህ ይህ ሰው ነው በ1976 ዓ.ም. የካቲት ላይ ታንኳ ልግዛ ብሎ የተነሣው።

ምክንያቱ ሚስቱ ፋናዬ ናት። በየዓመቱ ሙቀቱ ሲብስ ደብረ ብርሃን እናቷ ዘንድ ከርማ መስከረም ላይ ትመለስ ነበር። በዚያ ዓመት ግን፣ «ዘንድሮ ከሄድኩ አልመለስም። አንተም ዝውውር ስታገኝ ትመጣለህ» አለችው። ዝውውር እንደማይገኝ ሁለቱም ያውቃሉ። ወሰኔ ለመናት፣ አኮረፈ፣ እንደገና ለመናት። በመጨረሻ አንድ ነገር ታየው። ፋናዬ አሰብን የጠላችው መልካሙን ስላላየች ነው፤ አመሻሽ ላይ ነፋሱ ቀዝቀዝ ሲል ባሕሩ ላይ ባንሸራሽራት ልቧ ይመለሳል አለ። እሷን ግን አልጠየቃትም። ድንገት ሊያስደስታት ነዋ።

ቀበሌ ሄዶ የፈቃድ ቅጽ ሲሞላ፣ «ዓላማ» በሚለው ላይ «ባለቤቴን ለማንሸራሸር» ብሎ ጻፈ። ጸሐፊው አነበበና ብዕሩን አስቀመጠ።

«ጓድ ወሰኔ፣ አብዮቱ አሥረኛ ዓመቱን ሊያከብር ነው። እስቲ ምርት ያለበት ነገር ጻፍ።»

«ዓሣ ለማስገር» ብሎ አረመው። ዓሣ በቤታቸው ገብቶ አያውቅም፤ ሽታው ራሱ ያቅለሸልሸዋል።

ለምርጫው ጓደኛውን ሀሩንን ይዞ ሄደ። ሀሩን ከወሎ የመጣ የጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ስለ ባሕር የሚያውቀው ወሰኔ የሚያውቀውን ያህል ነው። በልጅነቱ ግን ከአባቱ ጋር በቅሎ ሲያሻሽጥ ስላደገ፣ በሱ ቤት የማይመረምረው ሸቀጥ የለም። ሁለቱም በአንድ የጭነት መኪና ተሳፍረው በይሉል ከምትባል የባሕር ዳር መንደር ወረዱ። እዚያ ዓሊዪ የሚባሉ ሽማግሌ የአፋር ዓሣ አጥማጅ፣ የአገሩ ሰው ሁሪ የሚላቸውን ሁለት ጠባብ ታንኳዎች ለሽያጭ አቅርበው ነበር።

አንደኛዋ ጠቁራ፣ ቀለሟ ተልጦ፣ እስከ ወገቧ ውሃ ሞልቷት ባሕሩ ጠርዝ ላይ ተጋድማለች። ሁለተኛዋ ዳስ ሥር አረንጓዴ ቀለም ተቀብታ፣ ውስጧ ደርቆ፣ እንደ ሙሽራ ተቀምጣለች። ወሰኔ ጥቁሯን አይቶ ሳቁ መጣበት። ውሃ የሞላው ታንኳ ማን ይገዛል?

ዓሊዪ ግን ጥቁሯን ጠቆሙ። «ይቺን ውሰድ። ያቺ የወንድሜ ናት፣ እሱ ከሞተ ምድር ላይ ናት። ጠምቷታል።»

ሀሩን ወሰኔን በክርኑ ጎሸም አድርጎ ወደ ዳር ወሰደው። «ሰማህ? ሻጭ የሚያሞግሰው ማራገፍ የፈለገውን ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። አረንጓዴዋን ለራሳቸው ሊያስቀሩ ነው።»

ምርመራው ተጀመረ። ሀሩን አረንጓዴዋን ዞሮ ዞሮ አያት፣ ጎኗን በጣቱ ቆረቆረ፣ አፍንጫውን አስጠግቶ አሸተታት። «በቅሎ ሳይቀመጡባት አትገዛም፤ ውጣባት» አለ። ወሰኔ እደረቁ አሸዋ ላይ ታንኳዋ ውስጥ ገብቶ መቅዘፊያውን ጨበጠ፤ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ተወዛወዘ። አላንገዳገደችውም። በዚያች ሰዓት ራሱን መርከበኛ አድርጎ ቆጥሮት እንደነበረ ዛሬም አይክድም። ዓሊዪ ትንሽ አዩዋቸው፣ አንገታቸውን ነቀነቁ፣ ገንዘቡንም ተቀበሉ። ሰው የመከሩትን ካልሰማ ምን ይደረጋል?

ታንኳዋን አስጭኖ ቤት ሲደርስ ለፋናዬ፣ «የሥራ ባልደረባዬ አደራ ነው» ብሎ ዋሻት። የሽርሽሩን ቀን ለፋሲካ ማግስት ቆረጠ። እስከዚያው ታንኳዋን በረንዳው ላይ አስቀምጦ፣ ጤዛ እንኳ እንዳይነካት በሸራ ሸፈናት። ከሥራ ሲመለስ በደረቅ ጨርቅ ይወለውላታል። አንድ ቀን ፋናዬ ወለል ስታጥብ ጥቂት ጠብታ ቢረጫት ተቆጣት። ታንኳን ከውሃ የጠበቀ ሰው ከእሱ በፊት ያለ አይመስለውም።

የፋሲካ ማግስት ምስጢሩን አወጣው። ፋናዬ ነጠላዋን አጣፍታ ተከተለችው። ከባሕሩ ዳር ገፍተው ገቡ። ወሰኔ ሃያ ጊዜ ያህል እንደቀዘፈ እግሩ ራሰ። ዝቅ ብሎ ቢያይ የታንኳዋ ወለል ሦስት ቦታ ተሰንጥቋል፤ ውሃው ይንቆረቆራል። ቁርጭምጭሚቱን አለፈ፣ እስከ ተቀመጠበት ደረሰ። መቅዘፊያውን ጥሎ የታንኳዋን ጠርዝ በሁለት እጁ ጨበጠ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ማርያምን ጠራ። ታንኳዋ ሰመጠች። እሱም አብሯት ተቀምጦ ሰመጠ።

«ወሰኔ» የሚል ድምፅ ከበላዩ ሰማ። «ተነሥና ቁም እንጂ።»

ፋናዬ ቆማለች። ውሃው ከወገቧ አላለፈም።

መጀመሪያ ሳቀች። እንባዋ እስኪወርድ፣ የወሰኔን ትከሻ ተደግፋ ሳቀች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ስንጥቁን ዳበሰችና ሳቋ ቆመ።

«እንጨት እኮ ነው። እናቴ ገበቴዋ ደርቆ እንዳይሰነጠቅ በውሃ ታርሰዋለች። ይህን እኔ አልነግርህም ነበር?»

«ላስደስትሽ ብዬ…»

«ለኔ ስትገዛ ሀሩንን ጠየቅህ። ወደዚህ አገር ስታመጣኝም አልጠየቅኸኝም። ሙቀቱን እችለዋለሁ፤ የማልችለው ይህን ነው።»

ወሰኔ አፈረ። በእርጥብ ልብሱ እንደቆመ፣ በዘጠኝ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ «እሺ፣ ምን እናድርግ?» አላት። ይህን ሲያወራ ክበቡ ውስጥ የሚስቅ የለም።

ፋናዬ ድንጋይ አስመጣችው። ታንኳዋን ጥልቀት በሌለው ቦታ በድንጋይ አስምጠው አሳደሯት። በሁለተኛው ሳምንት እንጨቱ አብጦ ስንጥቁ ገጠመ፤ የቀረውን ጨርቅና ቅጥራን ጠቀጠቀችበት። ከዚያ ወዲያ አመሻሽ ላይ እሷ ትቀዝፋለች፤ ወሰኔ ደግሞ ውሃው ውስጥ ጠርዟን ይዞ፣ እመቤቱን እንዳሳፈረ በቅሎ ጎታች በእግሩ ይሄዳል። ያየ ሁሉ ሳቀበት። ስለ መሄዷ ግን አላነሣችም፤ እሱም ፈርቶ አልጠየቀም።

ግንቦት ተጋመሰ፤ ሻንጣዋን አሰረች። ወደ ደጋ የሚወጣ የነዳጅ ቦቴ ጋቢና ውስጥ አሳፈራት። እህልና ውሃችን አለቀ ብሎ አንገቱን ደፍቶ ቆመ። ሾፌሩ ሞተር ሲያስነሣ ፋናዬ በመስኮት ብቅ አለች።

«እስክመለስ ታንኳዋ እንዳትደርቅ፣ በየቀኑ ውሃ አርከፍክፍባት።»

«እሺ» አለ፣ ሳያስተውል።

ቦቴው ኬላውን ካለፈ በኋላ ነው ቃሏ የገባው። እስክመለስ ነው ያለችው። ወሰኔ በዚያ ፀሐይ መንገድ ዳር ቆሞ እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ ከዚያም ባልዲውን ሊያመጣ ወደ ቤቱ ሮጠ።