ለአባቴ ያየሁለት ጨዋታ

ቅድም ሮቤ ገበያ አጠገብ ካለ ካፌ፣ በቴሌቪዥን የኳስ ጨዋታ በዓረብኛ የሚያስተላልፍ ጋዜጠኛ ሲጮህ ሰማሁና አባቴ ትዝ አለኝ።

ልጅ ሳለሁ ጎረቤታችን ሐጂ ከድር ዲሽ ሲያስተክሉ፣ የውጭ ኳስ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰፈራችን ገባ። ጋዜጠኛው የሚያወራው በዓረብኛ ስለነበር የሚለው ለማናችንም አይገባንም ነበር። ዓይነ ስውሩን አባቴን እጁን ይዤ ወሰድኩትና የማየውን እነግረው ጀመር። የሚደግፈው ቡድን ፍጹም ቅጣት ምት ሲስት፣ እንዳይከፋው ብዬ፣ "አባ፣ ገባ!" አልኩት። ሰዉ ሁሉ አዝኖ ዝም ሲል እሱ ብቻውን አጨበጨበ።

ወደ ቤት ስንመለስ፣ "አንቺ ያየሽልኝ ይበልጣል፣ ልጄ" አለኝ። ያኔ አልገባኝም።

አባቴ በወጣትነቱ ደረሳ፣ የመስጊድ ተማሪ፣ ሳለ ዓረብኛ አሳምሮ መማሩን እናቴ የነገረችኝ እሱ ካረፈ በኋላ ነው። ምቱ መሳቱን በጆሮው ሰምቶ ነበር ማለት ነው።

ካፌው ገባሁና ጨዋታውን እስከ መጨረሻው አየሁለት።