ጥሕሎ ለብቻ አይበላም

ባለፈው እሁድ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ገደማ፣ አያት ኮንዶሚኒየም ባለው ቤታችን ከእናቴ ጋር ሽንኩርት እየከተፍን ሳለ፣ የተቆላ ገብስ ዱቄት ሽታ ከታችኛው ፎቅ ተነስቶ በመስኮት ገባ። እናቴ ቢላዋውን አስቀምጣ ብድግ አለች። ሽታውን ልትጠግበው መስሎኝ ነበር፤ እሷ ግን ሄዳ መስኮቱን ዘጋችው። የሰው ቤት ሽታ የእኛ እንዳይመስል ፈርታ ነው።

ልጅ ሳለሁ ገርጂ፣ ከኢምፔሪያል ብዙም በማይርቅ ግቢ ውስጥ ተከራይተን እንኖር ነበር። ጎረቤታችን ከስልጤ የመጣች የጨርቅ ነጋዴ፣ እትዬ ዘይነባ ነበረች። ክረምት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እናቴ ገብሷን ቆልታ ታስፈጭ ነበር፤ መስከረም ጠብቶ ግቢው ሲደርቅ ደግሞ በየእሁዱ የአገሯን የትግራይን ምግብ፣ ጥሕሎን ትሠራ ነበር። ዱቄቱን አቡክታ በመዳፏ እንደ ብይ ስታድቦለቡለው፣ እኛ ዙሪያውን ተቀምጠን፣ ሁለት ጫፍ ባላት ቀጭን እንጨት እየወጋን፣ ወጡ ውስጥ እየነከርን እንበላ ነበር። ጥሕሎ ለብቻ አይበላም። ስለዚህ የአባቴ የአገር ልጆች ከየሰፈሩ ይመጡና፣ ትግርኛው አጥር ዘሎ ታክሲ ተራ ድረስ ይሰማ ነበር። እትዬ ዘይነባም ሥጋ ያልገባበት ቁሌት ለብቻዋ ይቀርብላትና፣ እንጨቷን ከፍ አድርጋ፣

«እናንተ ሰዎች ለምሳም ጦር ትመዛላችሁ!» ትል ነበር።

«ስትወጊ ግን የሚቀድምሽ የለም!» ይላታል አባቴ እየሳቀ።

ሰሜን ላይ ጦርነት በተጀመረበት ዓመት፣ ኅዳር ውስጥ፣ በየቤቱ ፍተሻ አለ ተባለ። አንድ እሁድ ማዕድ ላይ እንዳለን ሁለት ፖሊሶች ግቢ ገቡ። «ፍተሻው ለሁሉም ነው» አለ አንደኛው፣ በትሕትና። እትዬ ዘይነባ ተነስታ በሯን ስትከፍትላቸው መታወቂያዋን ደጃፍ ላይ አይተው፣ አመስግነዋት ወደ እኛ ተመለሱ። የእኛ ፍራሽ ተገለበጠ፣ ቁም ሣጥናችን ወለል ላይ ተዘረገፈ። ከዚያ ያው ፖሊስ ከማዕዱ አንዷን እንጨት አንስቶ፣ «ይሄ ምንድነው?» አለ።

«ሹካ ነው፣ ልጄ። እኔም በሱ ነው የምበላው» አለች እትዬ ዘይነባ።

«እናት፣ እርስዎ ቤትዎ ይግቡ። እርስዎን አይመለከትም።»

«አሁን ለሁሉም ነው አላልክም እንዴ?»

አባቴንና እንግዶቹን ለጥያቄ ትፈለጋላችሁ ብለው ይዘዋቸው ሄዱ።

አባቴ የተመለሰው ከጥምቀት በኋላ ነው፣ ምንም ሳይከሰስ። ስለ ቆየበት ቦታ አላወራም፤ ሬዲዮውን ግን ዝቅ አድርጎ መስማት ጀመረ። በፋሲካ ማንም አልመጣም። እናቴ ታክሲ ውስጥ እህቷ ስትደውልላት በአማርኛ «ቤት ስገባ እደውላለሁ» ብላ ትዘጋው ነበር። ከመንገድ ማዶ ሆና «ጓለይ!»፣ ልጄ፣ እያለች የምትጠራኝ ያ ትልቅ ድምፅም ጠፋ። እትዬ ዘይነባ እሁድ እሁድ ብቅ እያለች «ዛሬም የለም?» ስትላት፣ «ገብስ ተወደደ እኮ» ትላት ነበር። ገብሱ ከአልጋ ሥር ማዳበሪያ ሙሉ ነበር፤ ወደ አያት ስንዛወር ነቅዞ አግኝተነው ጣልነው።

አሁን በራችንን የሚያንኳኳ ፖሊስ የለም። እናቴ ግን እህቷን ስታወራ ዛሬም ቧንቧ ትከፍታለች። ያኔ በኪራይ ቤት ድምፃችን አጥር ይዘል ነበር፤ ዛሬ በገዛ ቤታችን ከውሃ ድምፅ ሥር እንደበቃለን።

እናቴ መስኮቱን በዘጋች ማግስት፣ ሰኞ ጠዋት፣ ወደ ሥራ ስወርድ፣ ታችኛው ፎቅ ላይ፣ የገብሱ ሽታ የመጣበት በር ፊት ቆምኩ። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ለማለት እንኳ የምፈራ ሰው ነኝ። አንኳኳሁ። ሻሽ ያሰሩ ሴት በሩን ገርበብ አድርገው፣ መጀመሪያ ደረጃውን ወደ ላይና ወደ ታች አዩና፣ «ማንን ፈልገሽ ነው?» አሉኝ በአማርኛ።

«ከመይ ሓዲርክን»፣ እንዴት አደሩ፣ አልኳቸው፣ እንደ እናቴ የድሮ ድምፅ፣ ደረጃው እስኪያስተጋባ። ከዚያም በዚያው በትግርኛ፣ ድምፄን ሳልቀንስ፣ ላይኛው ፎቅ ጥሕሎ የምታድቦለቡልላቸው ሴት እንዳለች ነገርኳቸው።