የኦቦ ዋቅጅራ ሳቅ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። እኛ የነቀምቴ ወንጌላውያን የንስሐ አባት የለንም፤ ኃጢአታችንን ለእግዚአብሔር ብቻ ነው የምንናገረው። እኔ ግን ለእሱም አድበስብሼ ነው የነገርኩት። ስለዚህ አንባቢዬ፣ አንተ ስማኝ። አትዘንልኝ፣ ስማኝ ብቻ።

በጃንሆይ ዘመን ነቀምቴ ገበያው አጠገብ ፎቶ ቤት ነበረኝ። አባቴ ከነቀምቴ ብዙ በማትርቀው ጉቴ ብረት ቀጥቃጭ ነበር። ጫልቱን ወደድኩና ለአባቷ ለኦቦ ዋቅጅራ ሽማግሌ ላክሁ። ሽማግሌዎቹን ደጁ ላይ አቁሞ፣ ጎረቤት እየሰማ፣ «ልጄን ለቱምቱ? ወናፍ እንድትነፋ?» አለና ሳቀ። ቱምቱ በኦሮምኛ ቀጥቃጭ ማለት ነው፤ ከእሱ አፍ ሲወጣ ግን ስድብ ነበር። ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ አሉኝ። ጫልቱ ለሌላ ተዳረች። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ እኔም ቂሜን ቋጠርኩ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ወንድሟ ዲንሳ ካሜራ ገዛ። አስተማሪ ነበር፤ አባቱ በሠራብኝ ነገር የሚያፍር ቅን ሰው። ፊልሙን አጥቤ ሳትምለት አጠገቤ ቁጭ ብሎ፣ «ኦቦሌሳ ኮ፣ ወንድሜ፣ ጥፋቴን ንገረኝና ልማር» ይለኝ ነበር።

አንድ ቀን ካመጣው ፊልም ውስጥ ኦቦ ዋቅጅራ ወጣ። ዋርካ ሥር ተቀምጦ ይስቃል። ብርሃኑ በጎን ገብቶ ግማሽ ፊቱን ነክቶታል፤ ሌላው ግማሽ ጥላ ነው። እኔ እንዲህ ያለ ፎቶ በዕድሜዬ አንስቼ አላውቅም። ያው የነገሩኝ ሳቅ ነበር፤ ክፋት ግን የለበትም። ልጁን እያየ ነው የሚስቀው። ያቃጠለኝ ይኸው ነው። ለእኔ ስድቡ፣ ለእነሱ ይህ?

ምን አልኩት? መጀመሪያ አመሰገንኩት፤ አስተያየት አሰጣጥ አውቅበታለሁ። «ጎበዝ፣ እጅህ አይንቀጠቀጥም» አልኩት። ከዚያ ቀጠልኩ። «ግን ግማሽ ፊቱ ጠቁሯል። እግሩም ተቆርጧል፤ ለሽማግሌ ነውር ነው። ትልቅ ሰው ደግሞ ጥርሱን አሳይቶ ፎቶ አይነሳም። ቀትር ላይ ፀሐይ ፊት አቁመው፤ አፉን ይግጠም።»

ይህን የከተማው ሰው ሁሉ ይለው ነበር፤ ተሳስተሃል የሚለኝ አልነበረም። እኔ ግን የፎቶውን ውበት አውቅ ነበር። እያወቅኩ አልኩት። ዲንሳ አንገቱን ደፍቶ፣ «ጣለው በቃ» አለኝ። ፎቶውንም ነጋቲቩንም መሳቢያዬ ውስጥ ቆለፍኩ።

እንደመከርኩት አደረገ። በአዲሱ ፎቶ ኦቦ ዋቅጅራ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ዓይኑን ከፀሐይ አጨናቁሯል፤ ከንፈሩን ነክሶ ሊማታ የተነሳ ይመስላል። «አሁንስ?» አለኝ ዲንሳ። «አሁን ፎቶ ሆነ» አልኩት። «ገለቶሚ» ብሎ አመስግኖኝ ሄደ።

ኦቦ ዋቅጅራ በዚያው ክረምት ሞተ። ዲንሳና ጫልቱ ያንን ፎቶ ለለቅሶ እንዳጎላላቸው ይዘው መጡ። ጫልቱ ጥቁር ለብሳ ፎቶውን አየችና፣ «ይሄ አባቴ አይደለም፤ አባቴ ሳቂታ ነበር» ብላ አለቀሰች። ዲንሳ፣ «እኔ ነኝ ያበላሸሁት» አለ። መሳቢያው ከጉልበቴ አንድ ስንዝር አይርቅም ነበር። መክፈት አቅቶኝ ነው? አላቃተኝም። አልከፈትኩትም። አጎላሁላቸው፤ በጥሩ ክፈፍም አስገባሁላቸው። ዲንሳ ከዚያ ወዲህ ካሜራ አልነካም።

ከዓመታት በኋላ የጫልቱ ልጅ ለትምህርት ቤት ፎቶ ልትነሳ መጣች። ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠች፣ «አካኮን ያውቋቸው ነበር? ግድግዳው ላይ ሳያቸው ያስፈሩኛል። ቁጡ ነበሩ እንዴ?» አለችኝ። አያቷን ነው። «በጣም» አልኳት። ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ።

ተሰድቤ ነበር ብዬ ላመካኝ? የሰደበኝ ሰው ሞቶ ተቀብሯል። እኔ የቀጣሁት ወንድሜ ያለኝን ሰው ነው፤ እኔ የቀጣሁት የወደድኳትን ሴት ነው፤ እኔ የቀጣሁት አያቷን አይታ የማታውቅ ልጅ ነው። ይቅርታ አልለምንም። ይቅርታ የሚለምን ሰው መጀመሪያ መሳቢያውን ይከፍታል። ቁልፉ አሁንም ኪሴ ውስጥ ነው።