አባባና የቆላው አጎበር

አባባ ዛሬ ሦስት የበግ ፀጉር ባና ደርበውም ይንቀጠቀጣሉ። «ብርድ ነው» ይላሉ።

እማዬ አልተዋጠላትም። «ጓሳ ተራራ ላይ ውርጭ ሲወርድበት ያደረ ሰው፣ ቤቱ ገብቶ ብርድ መታው?»

ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው። ወባ ነው ተባለ!

ከሁለት ሳምንት በፊት ለለቅሶ ቆላ ወርደው እህታቸው ቤት ሰንብተው ነበር።

«አጎበር የላቸውም እንዴ?» አልኳቸው።

«አንድ አለ። ለእንግዳ ብላ ልጆቿን ልታስነሳ ስትል ከለከልኳት። እኔ ደገኛው ትንኝ ፈርቼ ሕፃን ላስነሳ?»

(ደገኛን ወባ አይነካውም ያለው ማን እንደሆነ እንጃ።)

እማዬ ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ፣ ኪኒኑን በእጇ አጎረሰቻቸው።

እስቲ ንገሩኝ፣ የእናንተስ አባቶች ለማን ሲሉ ታመው ያውቃሉ?