መርከቢቱ ከምን ደረሰች?

ነገ ልሳፈር ዛሬ ማታ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሊሰናበተኝ ቤታችንን ሞልቶት፣ አባየ «ኧረ ዝም በሉማ፣ የሚሉትን ልስማበት!» እያሉ እንግዳ ይቆጣሉ። ልጃቸው ዐረብ አገር ልትሄድ አንድ ሌሊት ቀርቷት፣ እሳቸው የተጨነቁት ቴሌቪዥን ውስጥ ለሚያስሉት ሰዎች ነው። የጠፈር መርከባቸው ውስጥ ጭስ ገብቶባቸው። አክስቴ «እንዲያው አንቱ ሰውየ፣ ልጅዎ ናት እኮ የምትሄደው!» ብትላቸው፣ «እሷማ በአውሮፕላን ነው የምትሄደው፣ ምን ትሆናለች? መሪው የተበላሸባቸው እነዚህ ናቸው እንጂ» አሏት። ሰው ሁሉ ሣቀ። እኔም ሣቅሁ፤ ግን አባቴን አውቃቸዋለሁ፣ ዓይን ለዓይን እንዳንተያይ ነበር ቴሌቪዥኑ ላይ ያፈጠጡት።

ለማታውቁን ልንገራችሁ። አባየ ከመካነ ሰላም ዳር ገብስና ስንዴ የሚያርሱ፣ ጾም የማይሽሩ ገበሬ ናቸው። እናቴ ልጅ ሳለሁ ስላረፈች እኔንና ወንድሜን ያሳደጉን እሳቸው ናቸው። የአክስቴ ልጅ ከቤሩት ስትመለስ ያመጣችው ቴሌቪዥን እኛ ቤት ገባ፣ ዲሽ ተሰቀለ፣ ከዚያ በአንዱ የዐረብ ጣቢያ ይኼ ተከታታይ ፊልም መጣና አባየን ይዟቸው ሄደ። ታሪኩ እንዲህ ነው፦ ምድር ደርቃ አልታረስ ትላለች፤ ጥቂት ሰዎች በአንዲት ትልቅ መርከብ ተጭነው ሌላ ምድር ፍለጋ ሰማይ ለሰማይ ይጓዛሉ። ወሬው እንግሊዝኛ፣ ከሥር የሚጻፈው ዐረብኛ። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ድረስ በተማርኳት እንግሊዝኛ የሰማሁትን እተረጉማለሁ፤ ጎረቤታችን ሐጂ ይማም ደግሞ በልጅነታቸው በቀሩት ዐረብኛ ከሥር ያለውን ያነባሉ። አንድ ቀን ተስማምተን አናውቅም። እኔ «መርከቢቱን ጥለን እንሽሽ አለ» ስል፣ ሐጂ «የለም ወላሂ፣ ታገሡ ነው ያላቸው» ይላሉ። አባየ መሐል ተቀምጠው ይዳኙናል። ብዙውን ጊዜ የሚፈርዱት ለሐጂ ነው፣ የሐጂ ትርጉም ጨዋ ስለሆነ።

አባየ ደግሞ ፊልም ሲያዩ ዝም ብለው አያዩም። «ይኼን ሁሉ ዓመት ሲጓዙ ስንቅ የቋጠረ አንድ ሰው የለም?» ይላሉ። ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጡሮች ብቅ ሲሉና ሰዎቹ መሣሪያ ሲመዙ፣ ከመቀመጫቸው ይነሳሉ። «ገና እንዴት አደራችሁ ሳይባባሉ! ደህና ናችሁ ወይ፣ ልጁ ደህና ነው፣ ከብቱ ደህና ነው ቢሏቸው ምን ይጎድልባቸዋል? ግማሹ ጦርነት ይቀር ነበር እኮ!» እኔ በዚህ ከአባየ ጋር ነኝ። የአማርኛ ፊልም አየሁ፣ ቪላና ፍቅር ነው፤ እኛ ወሎ ቦረና ድረስ የመጣ ካሜራ አላየሁም። የሕንዱን አየሁ፣ ማልቀስ ሲያምረኝ ጥሩ ነው። እንደዚህ የጠፈር ነገር ግን ልቤን የሚይዘው የለም። ሰው ከቤቱ ወጥቶ የት እንደሚወድቅ ሳያውቅ ሲሄድ ማየት ለእኛ ሰፈር ልጅ ተረት አይደለማ! ከኛ መንደር ስንቷ ናት እንዲያ የሄደችው።

ታዲያ የመጨረሻው ምዕራፍ ሲቀር የእኔ ኮንትራት መጣ። ሁለት ዓመት ነው። ያን ማታ እንግዳው ሲበተን፣ «የመጨረሻውን ያለኔ እንዳያዩ» አልኳቸው። «አንቺም ያለኔ እንዳታይ። ስትመጪ አብረን ነው» አሉ። ግንባሬን ሳሙኝና ወደ መኝታቸው ገቡ። ጠዋት መናኸሪያ አልመጡም።

መንገዱን አላስረዝምባችሁም። አቀስታ ላይ ብርዱ አጥንቴ ድረስ ገባ፣ ደሴ ምሳ በላን፣ አዲስ አበባ ላይ የቫክዩም አጠቃቀም የሚባል ሥልጠና ሰጡን፣ ከዚያ ጅዳ። ፈታሹ ሻንጣዬን ከፍቶ የበሶዬን ላስቲክ በሁለት ጣቱ አንጠለጠለው።

«ምንድን ነው?»

«ምግብ ነው። ገብስ።»

«ገብስ ለምን እንዲህ ሆነ?»

እንግዲህ በየትኛው ዐረብኛዬ ልንገረው? ምግብ መሆኑን ላሳየው ብዬ ቆንጥሬ አፌ ውስጥ ጣልኩ። ደረቅ በሶ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ትን አለኝ! ሳል በሳል ሆንኩ፣ ዓይኔ ፈጠጠ። ሰውየው ላስቲኩን ወርውሮ ወደ ኋላ ሸሸ። ሌላው ፈታሽ ውሃ ይዞ ሮጦ መጣ፣ ጠጥቼ ስተርፍ በሶውን አሽትተው፣ ተመካክረው፣ «ሂጂ፣ አላህ ያግዝሽ» አሉኝ። ፊልም ላይ አዲስ ምድር የሚወርዱ ሰዎች አየሩን በመሣሪያ ሳይለኩ አይወርዱም። እኔን የሚለካልኝ አልነበረም፤ በሩ ሲከፈት የጅዳ ወበቅ እንደ ድስት እንፋሎት ፊቴን መታኝ።

የገባሁበት ቤት እመቤት ኡም ፋይሰል ትባላለች፣ እኔ ማማ ነው የምላት። ክፉ አይደለችም፤ ግን «እንዴት አደርሽ» ብዬ ገና ስለ ልጆቿ ጤና ሳልጠይቅ «ወጥ ቤቱ አልተወለወለም» ትላለች። ሩዝ ይበላል፣ ማግስቱን ሩዝ ይበላል። ውጭው ያቃጥላል፣ ውስጡ በማቀዝቀዣ እንደ አቀስታ ነው፣ እኔ መሐል ላይ ጉንፋኔን ይዤ እኖራለሁ። ያዳነችኝ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ልጇ ኑራ ናት። አንድ አርብ ከሰዓት ሳሎን ስጠርግ ያን ተከታታይ ከመጀመሪያው ከፍታ ለጓደኛዋ በስልክ ስታወራ፣ ካፒቴኑ ወንድሙን የገደለው ሆን ብሎ ነው ስትል ሰማኋት። አላስቻለኝም። «አይደለም፣ በሩን የዘጋው ሳያውቅ ነው» አልኳት በእንግሊዝኛ። መጥረጊያዬንና እኔን አፈራርቃ አየችን። ከዚያ ወዲህ አርብ ከሰዓት አጠገቧ ቁጭ ብዬ የቆየውን ምዕራፍ በሙሉ ደገምን።

ሰው ቤት ሠራተኛ ሆኖ የጠፈር ፊልም ማየት ሌላ ነው። መርከቢቱን ማነው የሚጠርጋት? ይኼን ያህል ሰው ይኖርባታል፣ ወለሉ ያብለጨልጫል፣ አንድ መወልወያ አይታይም! መርከቢቱ ውስጥ የምታገለግለዋን ሮቦት ደግሞ ተዉኝ። ደራሲዎቹ ሮቦት ስታምጽ ሰው መሆን አምሯት ነው ይላሉ። እኔ ብጠየቅ፣ አርብ አርብ ማረፍ አምሯት ነው። ይኼን ለኑራ ስነግራት ሣቋን መቆጣጠር አቅቷት ለእናቷ ነገረቻት። ማማ ከዚያ በኋላ አርብ ከሰዓትን ለቀቀችልኝ።

እንዲህ እያለ ሁለተኛው ዓመት ሊያልቅ ሲል የመጨረሻው ምዕራፍ ወጣ። መቼ ወጣ በሉኝ? ሁዳዴና ረመዳን አንድ ላይ በገቡበት! ኑራ «ነይ እንይ» ብትለኝ፣ «ቃል አለብኝ፣ በዚያ ላይ ጾም ነው» አልኳት። «ሥጋና ወተት ነው የማትበዪው አላልሽም?» አለችና ትንሽ አስባ፣ «ፊልሙ ወተት አለበት እንዴ?» እንደኛ አገር በሁዳዴ ቴሌቪዥን የሚጠፋበት ቤት እንዳለ እንዴት ብዬ ላስረዳት። እኔ አንድ ነገር ብቻ ነበር የምቆጥረው፦ ፋሲካ ሲያልፍ ኮንትራቴ ያልቃል፣ እገባለሁ፣ ከአባየ ጋር አየዋለሁ።

አባየ ግን ደወሉ። «ብርቄ፣ ወጣ አሉ እኮ። እስኪ እያየሽ ንገሪኝ።»

«አባየ! አብረን አላልንም? ደግሞስ ጾሙ?»

«የንስሐ አባቴን ጠይቄያለሁ። ማየቱ ይቅርብዎ፣ መስማቱ ግን ሐሜት እስካልሆነ ምንም አይል አሉኝ። ቆይተው ደግሞ፣ ያ ካፒቴን ከምን ደረሰ ብለው ጠየቁኝ።»

«እኔስ? እኔ አይደለሁ የማየው?»

ከኋላ የሐጂ ይማም ድምፅ መጣ። «አብሽሪ ልጄ፣ አንቺ መንገደኛ ነሽ። መንገደኛ ጾሙ ይነሳለታል።»

የእኔን የሁዳዴ ፈቃድ የሰጡኝ እንግዲህ ሐጂ ናቸው። አባየም «ትክክል ነው» ብለው አጸደቁ! እስከ ዛሬ የትኛውም ቄስ ፊት አላነሳሁትም።

ከዚያ በየሳምንቱ አርብ ከኑራ ጋር አንድ ክፍል አያለሁ፣ ወዲያው እደውላለሁ። ስልኩን መደብ ላይ አስቀምጠው ድምፁን ይለቁታል፤ ሐጂ አሉ፣ ወንድሜ አለ፣ አንዳንዴ የንስሐ አባታቸውም «ለጉዳይ ነው የመጣሁት» ብለው አይጠፉም። «መርከቢቱ ከምን ደረሰች?» ብለው አባየ ይጀምራሉ። ሰማዩ ምን መልክ እንደሆነ፣ ካፒቴኑ ምን እንደለበሰ፣ ሁሉን ይጠይቃሉ። ቀድሞ እንዲህ አይሉም ነበር። እኔም ደስ ይለኛል፣ ግን ስልኩን ስዘጋ ይከፋኛል። አብረን ነው ያሉት ሰውየ ለምን ቸኮሉ? ትመጣለች ማለቱን ተውት ይሆን? ይኼ ነገር ቀን ሳጥብ ስተኩስ አይለቀኝም ነበር።

ፋሲካ ሆነ። የመጨረሻው ክፍል ብቻ ቀረ። «እንኳን አደረሰዎ አባየ፣ ከእንግዲህ ጾሙም ተፈታ፣ ያለፉትን በዓይንዎ ይዩዋቸዋ፣ ጣቢያው እየደገማቸው ነው» አልኳቸው። «አንቺው ንገሪኝ፣ ካንቺ ሲሆን ይጥማል» አሉና ወሬ አዞሩ።

በማግስቱ ከሐጂ የድምፅ መልእክት መጣልኝ። ወጥ ቤት ሆኜ ነው የሰማሁት። «ልጄ ብርቄ፣ እንዳትናደጂብኝ። አባትሽ ከመስቀል ወዲህ አያዩም። የዓይን ሞራ ነው። ቴሌቪዥኑ ፊት ይቀመጣሉ፣ ያው መቀመጥ ነው። ደሴ ሐኪም ቤት ወስደን እናስገፍፍልዎ ብንል፣ ብርቄ ትስማና ሥራዋን ጥላ ትምጣ ወይ ብለው ተቆጡን። እሷ ጊዜዋን ጨርሳ ስትመጣ እሷው ትወስደኛለች ነው የሚሉት። እኔ አላስቻለኝም።»

ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር፣ እግዜር ይስጠው፣ ለማልቀሴ ምክንያት አላጣሁም። ለካ ጾሙም ሰበብ ነበር! ለካ አባቴ ተስፋ ቆርጠው ሳይሆን ጨልሞባቸው ነው! ተናደድኩ፣ ከዚያ አዘንኩ፣ ከዚያ መልሼ ተናደድኩ።

ማማ ደግሞ በዚያው ሰሞን ጠራችኝ። «ኢቃማሽ፣ የመኖሪያ ፈቃድሽ፣ ሊያልቅ ነው። አሳድሰን ሁለት ዓመት እንጨምር።»

«አባቴ ዓይናቸው ታሟል። ልሂድ፣ ማማ።»

«ወንድም የለሽም?»

«አለኝ።»

«ታዲያ እሱ ይያቸዋ።»

«እሱ ፊልም አይችልም» አልኳት።

ኑራ ከወዲያ ሆና በዐረብኛ ብዙ ነገር አስረዳቻት፤ እኔ የያዝኩት «አባቷ» እና «መርከብ» የሚሉትን ብቻ ነው። ማማ ተነፈሰች። «ምትክ ሰው ሳይመጣ እንዴት ልልቀቅሽ? እስቲ ሐጅ ይለፍና እናያለን።» እምቢም አይደለም፣ እሺም አይደለም። ሐጅ ሲያልፍ ደግሞ ምን ይለፍ እንደሚባል አላውቅም።

የመጨረሻውን ክፍል ኑራ ብቻዋን አየችው። «አንዲት ቃል እንዳትተነፍሺ!» አልኳት፤ አፏን በእጇ ይዛ ወጣች። ከዚያ ደወልኩ።

«እህ ብርቄ፣ መርከቢቱ ከምን ደረሰች?»

«አላየሁትም አባየ። እሱን አብረን ነው የምናየው።»

ዶሮ ሲጮህ ይሰማኛል።

«ሐጂ ነገረሽ።»

«ነገሩኝ።»

«አላህ ይይለት!» አሉ አባቴ፣ ክርስቲያኑ። ሣቄ መጣ፣ ግን አልወጣም።

«ደሴ ሄደው ይገፈፉ አባየ። ወንድሜ ይውሰድዎ። እኔ መቼ እንደምመጣ አላውቀውም፣ ሐጅ ይለፍ ነው የሚሉኝ።»

«እኔ መቼ ቸኮልኩ? አንቺ ሥራሽን ሥሪ።» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። ስትነግሪኝ መርከቢቱ ቁልጭ ብላ ትታየኛለች። ሰዎቹም ይታዩኛል፣ ያች ሮቦት እንኳ ትታየኛለች። ያንቺን ፊት ነው ያጣሁት። ማታ ማታ ላመጣው እሞክራለሁ፣ አልመጣ አለኝ።»

ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ፊልም ስነግራቸው በማወራበት ድምፅ ጀመርኩ።

«አንዲት ልጅ አለች አባየ። ጠይም ናት። ግንባሯ ሰፊ ነው፣ የእናቷ ነው ይላሉ። ግራ ቅንድቧ ላይ ትንሽ ጠባሳ አለች። ጥርሷ ፍንጭት ነው፣ አሁን ግን አይታይም፣ እየሣቀች አይደለም…»

«ቆይ፣ ቆይ» አሉኝ። «አትቸኩይ። ግንባሯን ድገሚልኝ።»