ሕፃን ልይዝ ሄጄ ጊታር ሞከርኩ

የስደት ታሪኩን የሚያወራ ሰው ሁሉ ከቤቱ የሚወጣው በድቅድቅ ጨለማ ነው። እኔ ግን ከድሬዳዋ የወጣሁት ምሳዬን በልቼ፣ ፊቴን ታጥቤ፣ በጠራራ ፀሐይ ነው። ታናሽ እህቴ መናኸሪያ ድረስ ሸኘችኝ። ሚኒባሱ እስኪሞላ ሁለት ጊዜ ተሰነባበትን፤ በሁለተኛው እንባው ስላለቀብን ዝም ብለን ተሳሳቅን።

ለምን ሄድሽ ካላችሁኝ፣ አንድ ኪቦርድ ነው ያሰደደኝ። ስድስት ዓመት በአንድ ሆቴል ባንድ ውስጥ ጊታር ስጫወት ኖሬያለሁ። አንድ ቀን ባለቤቱ ኪቦርድ የሚጫወት ልጅ አመጣና «ከበሮውም ቤዙም ጊታሩም እዚች ሣጥን ውስጥ አለ» አለን። አምስታችንም በዚያው ቀን ተሰናበትን። የምጫወትበት ጊታር የሆቴሉ ስለነበር ባዶ እጄን ወጣሁ። ሐርጌሳ የምትሠራ ጓደኛዬ «ነይ፣ የቤት ሥራ አይጠፋም» ስትለኝ ብዙም አላሰብኩበትም።

ጅግጅጋ አድሬ በማግስቱ ጠዋት ቶጎ ውጫሌ ደረስኩ። ድንበሩ ላይ የነበረው ሰውዬ አማርኛ ይሞክራል።

«ሥራሽ ምንድን ነው?»

«ጊታር እመታለሁ።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ማንን ነው የምትመቺው?»

«ማንንም አልመታም። የሙዚቃ መሣሪያ ነው።»

«መሣሪያ ይዘሻል?»

ኧረ አልያዝኩም፣ ሻንጣዬን ፈትሹት እያልኩ በእጄም በአፌም አስረዳሁት። ከኋላዬ ያለው ሰልፍ ማጉረምረም ጀመረ። ሰውዬው ሰለቸውና «ወጥ ትሠሪያለሽ?» አለኝ። «እሠራለሁ» አልኩ፤ ወጥ የማይሠራ ማን አለ? «በቃ፣ ኩክ» ብሎ ጻፈ። እንግዲህ ኩክ ሆኜ አገር ገባሁ ማለት ነው። እኔ ይህን ሁሉ ስመረመር ከአወዳይ የተነሣ የጫት መኪና ጡሩምባውን እየነፋ አልፎ ሄደ። እሱን ሥራህ ምንድን ነው ያለው የለም።

ሐርጌሳ፣ ጋአን ሊባህ የሚባል ሰፈር፣ ሁዳ የምትባል ሴት ቤት ሕፃን ልይዝና ወጥ ልሠራ ተቀጠርኩ። ሁዳ ቢሮ የምትሠራ፣ አያን የምትባል፣ ያኔ ስምንት ወር የሆናት ሴት ልጅ ያላት የአርባ ዓመት ሴት ናት። ያደገችው ድሬዳዋ ስለሆነ አማርኛዋ ከእኔ ይበልጣል። በመጀመሪያው ቀን «እርስዎ» ስላት ከት ብላ ሳቀችና «አቦ ተይኝ! የድሬ ልጅ አንቱታ ከየት አመጣሽ?» አለችኝ። በዚያች ቃል ብቻ ግማሽ ናፍቆቴ ወጣልኝ።

ከተማው እንዳሰብኩት አልነበረም። በረሃ ነው ብዬ ስስ ቀሚስ ብቻ ይዤ መጥቼ፣ ማታ ማታ ንፋሱ ሲያንቀጠቅጠኝ ከሁዳ ሹራብ ተዋስኩ። የእኛ ድሬ እኮ ሌሊትም ግድግዳው ይጋላል። ሩዝ በሙዝ ሲበሉ ሳይ ደግሞ ሙዙን ለብቻው አስቀምጬ ከምግቡ በኋላ በላሁት፤ ቤተሰቡ በሙሉ በአዘኔታ አየኝ። አሁን ሙዙ ከጎደለ ቅር የሚለኝ እኔ ነኝ። ወጤን ግን አትጠይቁኝ። አንድ ዓመት ሙሉ ሁዳ እየቀመሰች «ዛሬ ይሻላል» ትለኝ ነበር።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት «ዕቃ ልገዛ ነው፤ አያንን ያዢልኝ» ብላ ወደ መሃል ከተማ ይዛኝ ሄደች። ዕቃው ምን እንደሆነ የነገረችኝ መኪና ውስጥ ነው።

«የኤሌክትሪክ ጊታር።»

ልጅቷን ጥብቅ አድርጌ ያዝኳት። «ለማን?»

«ለራሴ። ልጅ ሆኜ ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር አንድ አዳራሽ ነበር፤ ባንድ ሲለማመድ ከግንቡ ውጪ ቆሜ እሰማ ነበር። አባቴ እንድገባ አይፈቅድልኝም ነበር። ባሌ በየጊዜው መኪና ይቀይራል፤ እኔ አንድ ጊታር ብገዛ ምን ይለኛል?»

የመጀመሪያው ሱቅ የሠርግ ድምፅ ማጉያ የሚሸጥበት ነበር። ግድግዳው ላይ አንድ ጊታር ተሰቅሏል፤ ክር የለውም። ሁዳ ክሩ የት ሄደ ብላ ብትጠይቅ ሻጩ «እስከዛሬ ክሩን የጠየቀ ደንበኛ አልመጣም» አላት።

ሁለተኛው የአብዲ ሱቅ ነው። አብዲ ከንፈር የመሰለ ቀይ፣ የሚያብረቀርቅ ጊታር አውጥቶ ሁዳን አስያዛት። ዓይኗ በራ። እኔ ግን ሕፃኗን ታቅፌ ከበሩ አጠገብ ሆኜ፣ ክሩ ከአንገቱ ምን ያህል እንደራቀ ይታየኛል። ዝም በይ፣ እንጀራሽን አትዝጊ አልኩ ለራሴ። ሁዳ ቦርሳዋን ስትከፍት ግን አላስቻለኝም።

«ሁዳ፣ አትግዢው። አንገቱ ጠሟል።»

በአማርኛ ስለሆነ አይሰማም ብዬ ነበር። አብዲ ዘወር ብሎ ጥርት ባለ አማርኛ «እኔ መርካቶ አሥር ዓመት ነግጃለሁ፤ ሞግዚት ጊታር ስትመርጥ ሳይ ግን የመጀመሪያዬ ነው» አለኝ።

«እኔም የጠመመ ጊታር ሲሸጥ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።»

ሁዳ አንዴ እኔን፣ አንዴ ጊታሩን አየች። ከዚያ እጇን ዘረጋች። «ልጅቷን ስጪኝ።»

ተቀያየርን። ጊታሩን እንደ አናጺ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ ከጫፍ እስከ ጫፍ አየሁት፣ ቃኘሁት፣ ወደ አንገቱ ግርጌ ወርጄ አንድ ክር ነካሁ። እንደ ተናደደ ንብ ጮኸ። አብዲ ወደ ጓዳ ገብቶ ከዱባይ በኮንቴይነር የመጣ፣ ቀለሙ የተላላጠ ቡናማ ጊታር አመጣና ድምፅ ማጉያው አምፕ ላይ ሰካልኝ።

ዓመት ሙሉ ክር ያልነኩ ጣቶቼ እንደ ሕፃን ጣት ለስልሰዋል፤ እያንዳንዱ ክር ይቆርጠኛል። ግን ምን አገባኝ! ጊታሩ ሲነኩት እሺ የሚል ነበር። በባቲ ቅኝት ጀመርኩና ራሴን ረሳሁት። ቀና ስል በሩ ላይ ሰው ተሰብስቧል፤ አያን በእናቷ ክንድ ላይ ትዘላለች። ፂማቸውን በሂና ያቀሉ አንድ ሽማግሌ በሱማልኛ አንድ ነገር አሉ።

«ይሄ የእኛ ዜማ ነው፣ ማን አስተማራት ይላሉ» አለች ሁዳ።

«ድሬዳዋ ነው የተማርኩት በያቸው።»

ሽማግሌው ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። «እንግዲያው ከእኛ ወስደውት ነው ይላሉ።»

ልከራከር አፌን ስከፍት አዛን ተሰማ። አብዲ አምፑን አጠፋ፣ ሁላችንንም አስወጣ፣ ሱቁን ዘግቶ ወደ መስጊድ ሄደ። እኔና ሁዳ ደረጃው ላይ ተቀመጥን። ሕፃኗ ተኛች። ዛሬ ሥራዬ አበቃ አልኩ ለራሴ።

«ኩክ ነኝ ብለሽኝ አልነበር?» አለችኝ ሁዳ።

«እኔ አላልኩም። ድንበር ላይ ያለው ሰውዬ ነው ያለው።»

የኪቦርዱን ታሪክ፣ የሰውዬውን ጥያቄ፣ ሁሉንም ነገርኳት። «ማንን ነው የምትመቺው» የሚለው ላይ ስደርስ ልጅቷን እስክትቀሰቅስ ድረስ ሳቀች። ከዚያ ልጅቷን እያባበለች «ወላሂ፣ የወጥሽ ነገር አሁን ገባኝ» አለች።

ቡናማውን ገዛን። ከዚያ ወዲያ ሁዳ ከቢሮ ስትመለስ በየቀኑ አስተምራታለሁ። አብራን የምትኖረው የባሏ እናት ቁጣ መጀመሪያ ላይ ጣራ ነክቶ ነበር። «ኤሌክትሪክ ነው አሉኝ! እዚህ አገር መብራት ስንት እንደሚያስከፍል ታውቃላችሁ?» ሽቦው እንዳልተሰካ አሳየኋት። ጆሮዋን አስጠግታ ብታዳምጥ ሹክሹክታ ብቻ ነው። «ሁልጊዜም እንዲህ ይሁን» ብላ ሄደች።

ሳይውል ሳያድር አብዲ ለሁዳ ደወለ። «ጊታር የሚጠይቁ ደንበኞች እየመጡ ነው፤ ስደውል ያቺ ሞግዚት ትምጣና ትምረጥላቸው፣ እከፍላታለሁ» አለ። ሁዳ ስልኩን በእጇ ሸፍና አየችኝ። እኔን ማጣት እንደማትፈልግ ከፊቷ ይነበባል።

«አያንን ማን ይያዝልኝ?» አለችኝ።

«ጠዋት ጠዋት ከእኔ ጋር ናት። ከሰዓት አያቷ ትያዛትና ልሂድ።»

ትንሽ አሰበች። «ወጡንስ?»

«ወጡን ሌላ ሰው ፈልጊለት።»

«አልሐምዱሊላህ!» አለች። ትንሽ ተከፋሁ፣ ግን አልፈርድባትም።

አሁን ከሰዓት ከሰዓት አብዲ ሱቅ ቁጭ ብዬ ጊታር እሞክራለሁ። አብዲ ጠማማ ጊታር ሲያስመጣ እንጣላለን፣ ሻሂ አስመጥቶ እንታረቃለን። ጣቶቼ እንደገና ደንድነዋል። ባለፈው ዓርብ እናቴ ስትደውል ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነገርኳት።

«ሳትሸጪ፣ ሳትገዢ፣ እየሞከርሽ ብቻ ይከፍሉሻል?»

«አዎ እማዬ።»

«ሴትየዋስ አልተቀየመችሽም?»

«አልተቀየመችኝም። ተማሪዬ ናት እኮ።»

«ተመስገን» አለች። ከኋላዋ የሰፈራችን ባጃጅ ሲያልፍ፣ ጎረቤታችን በር ላይ ቆማ ልጆቿን ስትጠራ ይሰማኛል። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሄሎ፣ ሄሎ አልኩ።

«አለሁ» አለች። «ወጥ ቤት ስትሆኚ እኮ ቶሎ ይሰለችሻል፣ ትመለሻለሽ ብዬ ነበር።»

እመጣለሁ አልኳት። መቼ ብላ አልጠየቀችኝም።