ወይዘሮ ቆይ እና የጉልበት መስመሯ

ሚስቴ ልብስ ሰፊ ናት። ሰፈሩ «ወይዘሮ ቆይ» ይላታል። ደንበኛ ጨርቁን ጠረጴዛዋ ላይ ሲዘረጋ ገና አፏን የምትከፍተው በ«ቆይ» ነው። ትለካለች፣ ታጥፋለች፣ እንደገና ትለካለች፣ መቀሱን አንስታ መልሳ ታስቀምጣለች። እኔ መካኒክ ነኝ፤ ብሎን እምቢ ካለኝ በመዶሻ ነው የማነጋግረው። ከእንዲህ ያለች ሴት ጋር እንዴት እንደተጋባን ለራሴም ይገርመኛል። እሷ ሻይዋ እስኪበርድ ትጠብቃለች፣ የኔ ምላስ ሁልጊዜ የተቃጠለ ነው።

የምትሠራበት ቤት አንድ በር ሁለት ሥራ ነበረው። ከመጋረጃው ወዲህ የሷ ስፌት መኪና ይንገጫገጫል፤ ከመጋረጃው ወዲያ ታናሽ ወንድሟ ፀጉርና ጢም ያስተካክላል። እሱን ደግሞ ሰፈሩ «እሳቱ» ይለዋል። የአንድ እናት ልጆች ናቸው ብትል የሚያምንህ የለም።

ሁለቱ ያጠራቀሙትን አንድ ላይ አድርገው በስልክ ወርቅ ይገዙና ይሸጡ ነበር፤ ግማሹ የሷ፣ ግማሹ የሱ። ውሳኔው ግን የሷ ነው። ከዋጋው ሥዕል ሥር አንድ ወፍራም መስመር አለ። ነጋዴዎቹ ኤዲኤክስ ይሉታል፣ እሷ የጉልበት መስመር ትለዋለች። ከሃያ በታች ሲሆን ገበያው እግሩን እየጎተተ ነው፤ ዋጋው ከፍ ዝቅ ቢልም የትም አይደርስም። ሃያ አምስትን ሲያልፍ ከልቡ ጉዞ ጀምሯል ማለት ነው። መስመሩ ሲተኛ እሷ ስልኩን ገልብጣ የአዝራር ቀዳዳዋን ትዘመዝማለች። አንዳንዴ መስመሩ ዘግይቶ ስለሚናገር ስትሳሳትም አይቻለሁ። ትንሽ ትከስርና ትወጣለች፣ ምሳዋንም በሰላም ትበላለች። እኔ ብሆን ስልኩን ከግድግዳው ጋር አላትመው ነበር።

ታዲያ አከራያቸው የሚሠሩበትን ክፍል ሊሸጠው ሆነ። ደግ ሰው ነው፣ ቅድሚያ ለነሱ ሰጠ፤ ቢሆንም ከወሩ መጨረሻ አልፎ እንደማይጠብቅ ነገራቸው። ያላቸው ገንዘብ ለክፍሉ ጥቂት ይጎድለው ነበር። ወርቁ አንድ ጊዜ ደህና ቢነሳላቸው ክፍሉ የነሱ ነው።

አልተነሳም። መስመሩ እንደተኛ ሳምንታት አለፉ። እሳቱ ምላጭ በእጁ እንደያዘ መጋረጃውን ይገልጥና «እታለም፣ ተነሳ?» ይላታል። «ተኝቷል» ትለዋለች፣ ቀና እንኳ ሳትል።

ወሩ ሊያልቅ ሲል አንድ ጠዋት የስፌት መኪናዋን ቀበቶ ላጠብቅ ሄጄ እዚያው ነበርኩ። እሳቱ የደንበኛውን ግማሽ ፊት ላጭቶ፣ ግማሹን በአረፋ ትቶ እየሮጠ መጣ።

«እታለም፣ መስመሩ ሠላሳ አልፏል። ግዢ እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?»

«ቆይ። መስመሩ ጉልበቱን ነው የሚነግርህ፤ መንገዱን አይነግርህም። ቀጫጭኖቹን እያቸው።»

ከወፍራሙ መስመር ጎን አንድ አረንጓዴ፣ አንድ ቀይ ቀጭን መስመር አለ። አረንጓዴው ከላይ ከሆነ የሚገፉት ገዢዎች ናቸው፤ ቀዩ ከላይ ከሆነ ሻጮች ናቸው። የዚያን ቀን ከላይ የነበረው ቀዩ ነው።

«ወደ ላይ መግፋትም ጉልበት ነው፣ ወደ ታች መግፋትም ጉልበት ነው» አለችው። «ይሄ ተጠናክሮ እየወረደ ነው።»

«ዋጋው እኮ ከጠዋት ጀምሮ ቀና ብሏል!»

«ትንፋሽ ሊወስድ ነው።»

ደሙ ፈላ። «ግማሹ ገንዘብ የኔ ነው። አንቺ ቆይ ስትዪ ክፍሉን ሌላ ሰው ይገዛዋል፣ እኛ ሜዳ ላይ እንቀራለን።» እውነት ለመናገር የኔም ልብ ከሱ ጋር ነበር።

ሚስቴ ስልኩን ይዛ ወደ መስኮቱ ዞረች፤ ትንሽ ነካ ነካ አደረገችውና የመስመሮቹን ሥዕል ከፍታ ሰጠችው። «ያው። በራስህ ጣት ተጫነው። አልቆጣህም።»

ከመጋረጃው ወዲያ ባለ አረፋው ሰውዬ «ኧረ እኔስ?» አለ። እሳቱ ጣቱን እንደዘረጋ ቀይ መስመሯን አያት፣ እህቱን አያት፣ ከዚያ ስልኩን ጨርቁ ላይ አስቀምጦ ወደ ሰውዬው ተመለሰ።

ከሰዓት በኋላ ወርቁ ወረደ። በማግስቱም ወረደ፣ መስመሩ ግን እየወጣ ነበር። ጉልበት ወደ ታችም እንደሚገፋ የዚያን ጊዜ ገባኝ። ገንዘቡ ተረፈ፤ ክፍሉ ለሌላ ሰው ተሸጠ። ቁልፉን ስታስረክብ አለቀሰች። ክፍሉን ትወደው ነበር፣ አልደበቀችም። አሁን ትንሽ ራቅ ብሎ በተከራዩት ጠባብ ቤት ይሠራሉ፤ መጋረጃውን የሰቀለው እሳቱ ነው።

ዕቃውን አግዘን በጨረስንበት ቀን ጠየቅኋት። «ቢጫነውስ ኖሮ ምን ይውጥሽ ነበር?»

«ምንም» አለችኝ። «ወደ መስኮቱ የዞርኩት የሱን ድርሻ ወደ ባንክ ልመልስ ነው። ለወርቁ የቀረው የኔ ብቻ ነበር።»

«የራስሽን ልታስበዪ?»

«የሱን ቢያጠፋ ፊቴን ማየት ያፍር ነበር። እኔ እምቢ ብለው ደግሞ ዕድሜ ልኩን ይቀየመኛል። ክፍልማ ይገኛል።»

ከዚህች ሴት ጋር አንድ ቤት ማደሬ የዚያን ቀን ኩራት ሆኖ ተሰማኝ።

እሳቱ ይህን አያውቅም፣ ከኔም አይሰማም። እስከ ዛሬ ደንበኛ ወንበሩ ላይ ባስቀመጠ ቁጥር ያንኑ ወሬ ያነሳል፦ «ያን ቀን እኔ ራሴን ባልገዛ ኖሮ አልቆልን ነበር። እታለምማ ስልኩን ሰጥታኝ ነበር እኮ።»

ከመጋረጃው ወዲህ ሚስቴ መርፌውን ከአፏ ታወጣና «እውነቱን ነው» ትላለች።